የቆጠራ ደብዳቤ መጣልኝ፤ ቤታችን ውስጥ ስንት ሰው አለ ብዬ ልጻፍ? (ሚኒሶታ)

የብሩክሊን ፓርክ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ ሚኒሶታ ያላችሁ እርዱኝ።

ሰሞኑን ከሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ደብዳቤ ደረሰን። «አሜሪካን ኮሚዩኒቲ ሰርቬይ» ይላል። ኢንተርኔት ላይ ገብታችሁ ሙሉ፣ በሕግ ግዴታ ነው ይላል። ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ገና መግቢያው ላይ ተያዝኩ። እዚህ ቤት የሚኖረው ስንት ሰው ነው?

ቀላል ጥያቄ ይመስላል። እስቲ እናንተው ቁጠሩልኝ። እኔና ባለቤቴ አለን። ሁለት ተማሪ ልጆች አሉን። ትልቁ ልጄ ዱሉዝ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ዶርም ነው የሚያድረው፤ አልጋው ግን እዚሁ እንደተነጠፈ ነው። እናቴ ልታርሰኝ በጥቅምት ከደሴ መጥታለች፣ የስድስት ወር ፈቃድ አላት። የባለቤቴ የአጎት ልጅ ቤዝመንት ይኖራል። የጭነት መኪና ስለሚነዳ ቤት የሚያድረው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው። ትንሿ ልጄ ደግሞ ገና ሰባት ሳምንቷ ነው። ክርስትና አልተነሳችም። እናቴ «ሰማንያዋ ሳይደርስ ስሟን ለማንም አትስጪ» ብላ ፈርዳለች።

ባለቤቴ «አራት በይና ዝጊው» ይላል። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በ2020 ቆጠራ ጊዜ ሲዳር ሪቨርሳይድ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነበር የምንኖረው። የኪራይ ውሉ ላይ የተጻፈው አራት ሰው ነው። እኛ ስድስት ነበርን። አራት ብለን ላክን። ያስቀረናቸው የአጎቱን ልጅ እና የአምስት ወር ሕፃናችንን ነበር። ያ ሕፃን ዛሬ አንደኛ ክፍል ነው። ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ ሲወጣ ባየሁት ቁጥር ትዝ ይለኛል። ልጄን አለ ማለት ፈርቼ ነው ያስቀረሁት። ደግሜ እንደዚያ ማድረግ አልፈልግም።


ቆጣሪ ነበርኩ፦

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ።

በ2020 ሴንት ፖል ውስጥ ማስክ አድርገው በር ሲያንኳኩ ከነበሩት አንዱ ነኝ። የማልኩት ቃል የዕድሜ ልክ ስለሆነ ስለገባሁባቸው ቤቶች አንዲት ነገር አልናገርም። ደንቡን ግን ልንገርሽ።

መጀመሪያ፣ ያንቺ ደብዳቤ የአሥር ዓመቱ ቆጠራ አይደለም። የአሥር ዓመቱ ሁሉንም ሰው ይቆጥራል፤ ቀጣዩ በ2030 ነው። ይሄኛው በየዓመቱ 3.5 ሚሊዮን ያህል አድራሻ በዕጣ አውጥቶ የሚጠይቅ ነው። ዕጣው ላንቺ ደረሰ። ሁለቱ ደግሞ ሰው የሚቆጥሩበት መንገድ ይለያያል። የአሥር ዓመቱ «ኤፕሪል 1 ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምትኖረውና የምታድረው የት ነው» ይላል። ያንቺው «አሁን እዚህ ቤት ከሁለት ወር በላይ የሚቆየው ማነው» ይላል።

ስለዚህ አንድ በአንድ እንሂድ። እናትሽ ከጥቅምት ጀምሮ ካሉ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ይቆጠራሉ። በአሥር ዓመቱ ቆጠራ ቢሆን ግን ለጥየቃ የመጡ ስለሆኑ አይጻፉም ነበር። ዱሉዝ ያለው ልጅሽ አይቆጠርም። እዚያ ከሁለት ወር በላይ ስለሚቆይ የዱሉዝ ነው። ይሄ ለእናት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ፎርሙ የሚያየው ግን የተነጠፈውን አልጋ ሳይሆን የሚተኛበትን ነው። ሹፌሩ ቤቱ እናንተ ጋ ነው፤ ሥራ ስለሚወስደው አይጠፋም፣ ጻፊው። ትንሿ ልጅሽ ሁለት ወር አልሞላትም፤ ግን ሌላ ማደሪያ የሌለው ሰው አንድ ቀንም ቢሆነው ይቆጠራል። ሌላ የት ልታድር?

ሰባት ናችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ሐበሾች ፎርሙ ላይ የምንሳሳተው ቁጥር ስለማንችል አይደለም። ጥያቄውን በልባችን ስንተረጉመው «ቤተሰብሽ ስንት ነው» ስለምንለው ነው። ቤተሰብ ስትባዪ በየወሩ ብር የምትልኪላት አዲስ አበባ ያለችው እህትሽ ትመጣብሻለች። ቤዝመንት የተከራየው ልጅ ደግሞ አይመጣብሽም። ፎርሙ የሚጠይቀው ዘመድሽን ሳይሆን በሩን ነው። በዚያ በር ገብቶ የሚተኛ ሁሉ፣ ዘመድ ሆነም አልሆነም፣ ባንድ ይቆጠራል። ዝምድናው ቀጥሎ በሌላ ጥያቄ ይመጣል።


ዝም ይሻላል፦

ወንድሜ ቆጣሪው፣ ያልከው ሁሉ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ሰው ለምን እንደሚፈራ አንተም ታውቃለህ። ውሉ ላይ አራት ተጽፎ ሰባት ብሎ መጻፍ ማለት ለአከራዩ ማስረጃ መስጠት ነው። የቤት ድጎማ ያለው አለ። ወረቀቱ ያላለቀለት አለ። «ምስጢር ነው» ይሉሃል። በ1942 ለጃፓን ዝርያ አሜሪካውያንም ምስጢር ነው ተብሎ ነበር። ሰፈራቸው የተለየው በቆጠራው መረጃ ነው። እኔ ማንንም አትሙሉ አልልም። እህቴን ግን ሳታስቢበት አትሙዪ እላታለሁ።


ቆጣሪ ነበርኩ፦

ያልከው ተደርጓል፣ አልክድም። በጦርነቱ ጊዜ ኮንግረስ ልዩ ሕግ አውጥቶ የምስጢር ጥበቃውን አነሳ። ጃፓኖቹ በየሰፈሩ ስንት እንደሆኑ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ለጦሩ ተሰጠ። ቢሮው ራሱም ከብዙ ዓመት በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ሰው ቢፈራ አልፈርድበትም።

ዛሬ ያለውን ሕግ ደግሞ ልንገርህ። ታይትል 13 ይባላል። የአንድን ሰው መልስ ያወጣ ሠራተኛ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250 ሺህ ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል። አከራይ አያገኘውም። የድጎማ ቢሮ አያገኘውም። ፖሊስም ሆነ ኢሚግሬሽን አያገኘውም። የአሥር ዓመቱ ቆጠራ ወረቀት ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው። የ1950ው የተከፈተው በ2022 ነበር።

ዜግነትን በተመለከተ ሳልደብቅ ልናገር። በ2020 ቆጠራ ላይ ጥያቄው እንዲገባ ተሞክሮ በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስቁሞታል። የእህታችን ሰርቬይ ላይ ግን አለ። ዜጋ ነሽ ወይስ አይደለሽም ይላል። የምን ቪዛ ነው ያለሽ፣ ወረቀትሽ አልቋል ወይ አይልም። ይሄን አውቃ ትሙላ።


ቁጥር ወዳጅ፦

እኔ ደግሞ ለምን ሚኒሶታ ላይ ይሄ ነገር እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ።

የ2020 ቆጠራ የግዛቱን ሕዝብ 5,706,494 አደረገው። የአሜሪካ ምክር ቤት 435 መቀመጫ አለው። በየአሥር ዓመቱ በሕዝብ ብዛት ይከፋፈላል። ያን ዓመት ሚኒሶታ ስምንተኛ መቀመጫዋን ታጣለች ተብሎ ለዓመታት ሲወራ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ የመጨረሻዋን፣ 435ኛዋን ወንበር ያገኘችው ሚኒሶታ ሆነች። ከእሷ ቀጥላ ተሰልፋ የነበረችው ኒውዮርክ ናት። ኒውዮርክ 89 ሰው ብቻ ብትጨምር ወንበሩ የእሷ ነበር። በዚህ በኩል ደግሞ ሚኒሶታ 26 ሰው ቢጎድልባት ታጣው ነበር።

26 ሰው! እንደ እህታችን ያለ ባለ ሰባት ሰው ቤት አራቱ ማለት ነው። በዚያ ዓመት ከአንድ ፎቅ ላይ ብቻ አራት ቤት ዝም ቢል፣ ግዛቱ ለአሥር ዓመት አንድ ተወካይ ያጣ ነበር። ሪቨርሳይድ ፕላዛ ሊፍት ውስጥ በቆምኩ ቁጥር ይሄ ነው የሚታሰበኝ።


ዝም ይሻላል፦

ይሄን የ26ቱን ነገር አላውቅም ነበር። እውነት ከሆነ ያስደነግጣል።


ቁጥር ወዳጅ፦

እውነት ነው። ግን ሌላውን ግማሽ ካልነገርኳችሁ ሐቀኛ አልሆንም።

ቢሮው ከቆጠራው በኋላ የራሱን ሥራ የሚመረምርበት ጥናት አለው። የዚያ ውጤት በ2022 ወጣ። ሚኒሶታ ከሚገባት በላይ ከተቆጠሩ ስምንት ግዛቶች አንዷ ሆና ተገኘች፤ በ3.84 በመቶ። ኒውዮርክም እንደዚሁ በ3.44 በመቶ በዝታለች። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ኢሊኖይ ደግሞ ጎድለዋል። መቀመጫው ግን በዚህ አይለወጥም።

ታዲያ «በልጦ ተቆጥሮ ከሆነ የኛ መቅረት ምን ይጎዳል» የሚል ይመጣል። የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ የሚቆጠረውና የሚቀረው አንድ ሰው አይደለም። ሁለት ጊዜ የሚቆጠረው ዩኒቨርሲቲም ቤትም የተጻፈው ተማሪ ነው። ከተማ ቤት፣ ሐይቅ ዳር ደግሞ ሌላ ቤት ያለው ሰው ነው። የሚቀረው ሕፃን ነው። በአገር ደረጃ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በ2.79 በመቶ ጎድለዋል። ጥቁሮች በ3.30፣ ሂስፓኒኮች በ4.99 በመቶ። ድምሩ ሞልቶ ይታያል፤ ከውስጡ ግን የጎደለው የኛ ወገን ነው። ቁጥሩ ወደ ሰፈር ሲወርድ የትኛው ሰፈር አዲስ መዋዕለ ሕፃናት እንደሚያስፈልገው የሚናገረው ይሄው የጎደለው ነው።

ስለ ቤት መጠንም አንድ ነገር። ሚኒሶታ ውስጥ በአማካይ አንድ ቤት ሁለት ሰው ተኩል ያህል ነው። በአገሪቱ በ2020 ከመቶ ቤት 27.6ቱ አንድ ሰው ብቻውን የሚኖርበት ነበር። በ1940 ይሄ 7.7 ነበር። አስቡት፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ሲሞላ የሚረሳው ሰው የለውም። የሚረሳው ሰባት የሞላበት ቤት ነው።


ከወርዚንግተን፦

ከደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ነው የምጽፈው። ስለ ሚኒሶታ ሲወራ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ብቻ ይነሳሉ። እኛም አለን።

ወርዚንግተን ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋ በቆሎና አኩሪ አተር ነው። በ2010 12,764 ሰው ነበራት፤ በ2020 13,947 ሆነ። የጨመረው ሕዝብ የስጋ ፋብሪካው የሳበው ሰው ነው፤ ከጓቴማላ፣ ከሜክሲኮ፣ ከላኦስ፣ ከኛም አገር። እኔ ራሴ ቢላ ይዤ የቆምኩባቸው ዓመታት አሉ። ክረምት ላይ ሁለተኛው ሺፍት ሲወጣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ አማርኛም አኝዋክኛም ኦሮምኛም ስፓኒሽም አንድ ላይ ትሰማለህ። ሁሉም እንፋሎት እየተነፈሰ ሞተር ያሞቃል።

ትምህርት ቤቱ ሞልቶ ልጆች በጠባብ ክፍል ተጨናንቀው ነበር። የማስፋፊያው ገንዘብ ለድምፅ በቀረበ ቁጥር ይወድቅ ነበር። በመጨረሻ የጸደቀው በ2019 ነው። በእነዚያ ዓመታት ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ የሰማሁት ክርክር «ስንት ልጆች ናቸው፣ እስከ መቼስ ይቆያሉ» የሚል ነበር። መልሱ ወረቀት ላይ ካልተጻፈ ሰው እንደፈለገው ይገምታል። ይሄን ያየ ሰው ልጁን ከቆጠራ አያስቀርም።


የዱሉዝ ተማሪ፦

አስተያየት ሳይሆን ጥያቄ ነው። እናትና አባቴ ተለያይተዋል። ታናሽ ወንድሜ ሳምንት እዚህ፣ ሳምንት እዚያ ነው። የትኛው ቤት ነው የሚጽፈው?


ቆጣሪ ነበርኩ፦

በአሥር ዓመቱ ቆጠራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድርበት ቤት ይጽፈዋል። እኩል ከሆነ ኤፕሪል 1 ሌሊት የተኛበት። በሰርቬዩ ደግሞ ፎርሙ ሲሞላ ያለበት ቤት። እናትና አባትህ ቢነጋገሩ ጥሩ ነው፤ ሁለቱም እንዳይጽፉት፣ ሁለቱም እንዳይተዉት።


ጡረተኛው መምህር፦

ልጆቼ፣ እኔ ሚኒሶታን አላውቃትም። የምጽፈው ከአገር ቤት ነው። ስለ አራስ ልጅ ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በ1976 ዓ.ም. አገራችን የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሕዝብ ቆጠራ ስታካሂድ ወጣት መምህር ነበርኩ። እኛ አስተማሪዎች ነበርን ቆጣሪዎቹ። ሰሌዳዬንና እርሳሴን ይዤ አንዲት እናት ደጃፍ ቆምኩ። «እናቴ፣ ስንት ልጅ አለዎት?» አልኳቸው። ሴትዮዋ እህል እያበጠሩ ነበር። ቀና ሳይሉ «የእግዜር ናቸው» አሉኝ። ደገምኩ። «የሰጠኝ ይቆጥራቸው» አሉኝ። ጎጆው ውስጥ ልጆች ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል። ቁጥር ማውጣት ዓይን መጥራት ነው ብለው ነው የሚያምኑት፤ የሞተባቸውም ነበር። ሰፌዱን እስኪያስቀምጡ ጠበቅኩ። ከዚያ ጥያቄዬን ቀየርኩ። «ትናንት ማታ እዚህ ጎጆ ውስጥ ማን ማን አደረ?» አልኳቸው። በስም ጠሩልኝ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እኔ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «አንዲት ደግሞ አለች፤ ስም አልወጣላትም» አሉኝ። «ያልተሰየመች፣ ሴት» ብዬ ጻፍኳት።

ሌላው፣ እኛ ጋ ቤተሰብ የሚቆጠረው በምግቡ ነው። አንድ ላይ የሚበላ አንድ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ምድጃ ካለ ሁለት ቤተሰብ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አገሪቱ 73.75 ሚሊዮን ሰው ሆና፣ በአንድ ቤተሰብ በአማካይ 4.7 ሰው ነበር። በአማራ ክልል 4.3። ክልሉ ውስጥ ከተማው 3.3፣ ገጠሩ 4.5። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም። ቀኑ ተቆርጦ ተራዝሟል፣ ደግሞ ተራዝሟል። እዚህ ሰው ቆጠራ ይምጣልን ይላል። እናንተ ደጅ መጥቶ ሲያንኳኳ አትሸሹት።

የልጅቷ አያት ግን ልክ ናቸው፣ አክብሯቸው። ልማዳችን ነው። ስሟን ቀስ ብለሽ አስፈቅጃቸው።


ቁጥር ወዳጅ፦

ጋሼ፣ እጅ እነሳለሁ። «ትናንት ማታ ማን አደረ» የሚለውን በ2030 ለማስተማሪያ እጠቀምበታለሁ። ለሁላችንም የሚሆን ጥያቄ ነው።


የአማርኛ አስተማሪ፦

ማንም ያላነሳውን አንድ ነገር ላንሳ። ሰርቬዩ ቤት ውስጥ የምትናገሩትን ቋንቋ ይጠይቃል። እባካችሁ «አማርኛ» ብላችሁ ጻፉ። ልጆቹም የሚናገሩ ከሆነ ለእያንዳንዳቸው። ብዙ ወላጅ ልጁ እንግሊዝኛ ስለሚቀናው «እንግሊዝኛ ብቻ» ብሎ ያልፋል። ከውጤቱ ብዙ ሰው በሚያየው ሠንጠረዥ ላይ አማርኛ ለብቻው መስመር የለውም። ከሶማሊኛና ከሌሎች አፍሮ ኤሽያቲክ ቋንቋዎች ጋር አንድ ረድፍ ላይ ነው ያለው። ትምህርት ቤት ሄጄ አስተርጓሚ ስጠይቅ ይሄ ረድፍ ነው የሚመጣብኝ። «ሶማሊኛ አስተርጓሚ አለን» ይሉኛል።

የትውልድ ሐረግን በተመለከተም አትዝለሉት። በ2020 ፎርም ላይ ጥቁር በሚለው ሥር ለምሳሌ ተብለው ከተጻፉት አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ነበር። የቋንቋ መመሪያው ደግሞ በ59 ቋንቋ ነበር፤ አማርኛም አለበት። ያን ጊዜ ይሄን የነገረን ሰው ብዙ አልነበረም።


ዝም ይሻላል፦

እህቴ፣ የመጀመሪያውን የጻፍኩት ላስፈራሽ አልነበረም። ፍርሃቱ የኔም ነው። እኔ በ2020 ጭራሽ አልሞላሁም። በር ሲንኳኳ መብራት አጥፍቼ ነበር። ስምሽን ደብቀሽ እዚህ መጠየቅሽ ለኔም ጠቅሞኛል።


የብሩክሊን ፓርክ እናት፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሞላሁት። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ባለቤቴን የ26ቱን ሰው ነገር አነበብኩለት። ዝም ብሎ አሰበና «ያኔ ሁለት አስቀርተናል» አለ። ከዚያ ሹፌሩ ጋ ደወልኩ፤ አዮዋ መንገድ ላይ ነበር። «ልጽፍህ ነው» ስለው «ግዴለም፣ ጻፊኝ፤ ቤቴ እኮ ነው» አለኝ። ከዚህ በፊት ቤቴ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

የትልቁን ልጄን ስም ሳልጽፍ ማለፍ ከበደኝ። አልደብቅም፣ አለቀስኩ። አልጋውን አላነሳሁትም።

እናቴን መምህሩ እንዳሉት አደረግኩ። ጽሑፋቸውን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ያልተሰየመች፣ ሴት» የሚለው ጋ ስደርስ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈቻት። «እኚህ ሰውዬ የየት አገር ሰው ናቸው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ትንሽ ቆይታ «እሺ፣ ዕድሜዋን ጻፊ፤ ስሟን ግን እኔ እያለሁ በጆሮዋ ሳልነግራት እንዳትጽፊ» አለች። ጎንበስ ብላ ነገረቻት። ጻፍኩ።

ከዚያ ስሜን ከላይ ስላየች «እኔስ የቱ ጋ ነኝ?» አለች። ስድስተኛው ላይ አሳየኋት። ዝምድና በሚለው ሥር «እናት» ይላል። «መነጽሬን አምጪ» ብላ ራሷ አየችው።

ሰባት ነን።